ገዢ ከበር ላይ ሚመለሰው ለምንድነው?

ሰሞኑን ከደረሱን ጥያቄዎች ብዙዎቹ ከወደ ጎጃም ናቸው፣ ዞሮ ዞሮ ሁሉም አንድ ነገር ነው ሚጠይቁት፣ ቤቴን ልሸጥ አስቤያለሁ፣ ከውጭ ሲያዩት ግን ዓይን አይሞላም፣ ምን ላድርገው? ጥቅምት ላይ ሁሌም እንዲህ ነው። ክረምቱ ያበላሸው ነገር ሁሉ ያኔ ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ እህሉ ተወቅቶ ሰው እጅ ላይ ብር ሲገባ ደሞ ገዢውም መዞር ይጀምራል። አራቱን መርጠናል። የመጀመሪያው መልስ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱን፣ ምክንያቱም ከጠየቃችሁን ውስጥ አብዛኞቻችሁ ያላችሁ እንደዛ አይነት ቤት ነው።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ ቤታችን ደብረ ማርቆስ ነው፣ 250 ካሬ ላይ ያለ የጭቃ ቤት። ባለቤቴ ካረፈ በኋላ ልጆቹም አዲስ አበባ ስለሆኑ ሸጬ ልሂድ ብዬ ለደላላ ነገርኩ። ሰው ይመጣል፣ ግን በሩ ላይ ቆሞ ያይና "እንደዋወላለን እናቴ" ብሎ ይሄዳል፣ ሳሎኑን እንኳ ሚያይልኝ ጠፋ። ትልቁ ልጄ ዙሪያውን በሲሚንቶ አስለስኚና ኳርትዝ ቀለም ይቀባ ይለኛል፣ የሰፈራችን ለሳኝ ደሞ ያለችኝን 80 ሺ ብር እንዳለች ጠየቀኝ። ላሰራው ወይስ እንዲሁ ልሽጠው? (ወ/ሮ እ.፣ ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ እትዬ፣ በቅድሚያ ለባለቤትዎ ነፍስ ይማር። ብሩን ግን ለማንም እንዳይሰጡ፣ ቢያንስ ይሄን አንብበው እስኪጨርሱ።

ልጅዎ ለበጎ ነው ያለው፣ የተለሰነ ቤት ያምራል፣ ማን ይክዳል። ችግሩ ምን መሰለዎት፣ ጭቃና ሲሚንቶ ፀባያቸው አይገጥምም። ጭቃው ክረምት ላይ እርጥበት ሲጠጣ ያብጣል፣ በጋ ላይ ይሰበሰባል፣ ሲሚንቶው ደሞ አንዴ ከደረቀ ደረቀ ነው፣ ከጭቃው ጋር አብሮ አይሄድም፣ ስለዚ መጀመሪያ ይሰነጠቃል፣ ከዛ በስንጥቁ ውሃ ይገባል፣ የገባው ውሃ ደሞ በሲሚንቶው ስለታፈነ መውጫ የለውም፣ ውስጥ ውስጡን ማገሩንና ቋሚውን እያበሰበሰ ይቀመጣል። ለሳኙ "የዶሮ ሽቦ መትቼ ነው ምለስነው" ሊልዎት ይችላል። ሽቦው ልስኑን ይዞ ያቆየዋል፣ እሱ ልክ ነው፣ የታፈነውን እርጥበት ግን ምንም አያደርገውም። ደሞስ ጎጃም ውስጥ ስለ ጭቃ ቤት ለማን ነው ሚነገረው! ገዢው በጣቱ ኳ ኳ ሲያደርገው ባዶ ባዶ ከጮኸበት ከውስጥ እንደተላቀቀ ያውቀዋል።

እና ሰውየው በሩ ላይ ቆሞ ምን አይቶ ነው የተመለሰው? እኔ ቀለም ነው ብዬ አላምንም፣ ያየው ውሃ ነው። ከጣሪያው ጠርዝ ሚወርደው ውሃ መሬት መትቶ ሲፈናጠር የግድግዳውን እግር ይልጠዋል፣ እስከ ጉልበት ድረስ ቀይ ጭቃ ይረጨዋል፣ አንዳንድ ቦታ እንጨቱ ብቅ ይላል። ይሄን ያየ ሰው ሳሎን መግባት አያስፈልገውም፣ "መሰረቱ በስብሷል" ብሎ እዛው ደምድሟል። ደብረ ማርቆስ በዓመት ወደ 1,300 ሚሊ ሜትር ዝናብ ነው ሚዘንበው፣ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ካሬ ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ነው፣ ስለዚ ጣሪያዎ 60 ካሬ ቢሆን በዓመት 78 ሺ ሊትር ውሃ ማለት ነው፣ አሸንዳ ከሌለው ይሄ ሁሉ ግድግዳዎ ስር ነው ሚወርደው።

ስለዚ ከብሩ መጀመሪያ ሚነካው ለአሸንዳ ነው፣ መውረጃ ቱቦውም ጭምር፣ ቱቦው ደሞ ግድግዳው ስር እንዳያበቃ፣ እስከ ቦዩ ይድረስ። ከዛ የቀን ሰራተኛ ይያዙና ግድግዳው ስር የተከመረውን አፈር ያስነሱ፣ መሬቱ ከቤቱ ወደ ውጭ እንዲያዘነብል ይደረግ፣ ትንሽ ቦይ ይቆፈርና ድንጋይ ይደርደርበት። አይታይም ብለው እንዳይንቁት፣ ገዢው ቦዩን ሲያይ "እነዚ ሰዎች ቤታቸውን ያውቁታል" ነው ሚለው።

ቀጥሎ ግድግዳው። የላላውን ጭቃ አራግፎ፣ ቦታውን በውሃ አርሶ፣ በጤፍ ጭድ በተቦካ ጭቃ መምረግ ነው፣ ጭቃው ቢያንስ ሳምንት ያህል እየተረገጠ ይሰንብት፣ ጭዱ ሲብላላ ነው ሚይዘው፣ ዛሬ አቡክቶ ዛሬ ሚመርግ ሰራተኛ ከመጣ ይሸኙት። ሲደርቅ ፀጉር ሚያህል ስንጥቅ ይኖረዋል፣ አያስደንግጥዎ፣ በቀጭን ማለስለሻ ይዘጋል። ከዛ ላዩ ኖራ። ኖራ ዛሬ ዛሬ የድሃ ቀለም ተደርጎ ተናቀ እንጂ ለጭቃ ቤት ከሱ ሚስማማ የለም፣ ግድግዳውን አያፍነውም፣ ፀሐይ ሲመታው ደሞ ንጣቱ ከሩቅ ይጣራል። ከደጀን ወደ አባይ በረሃ ቁልቁል ሲወርዱ ሚታየው ነጣ ያለ ድንጋይ እኮ አብዛኛው የኖራ ድንጋይ ነው። ኖራውን አንድ ቀን በውሃ ዘፍዝፎ፣ በጨርቅ አጥልሎ፣ አንድ ሁለት እፍኝ ጨው ጣል አድርጎ ቀጠን ቀጠን አድርጎ ሶስቴ መቀባት ነው፣ አንዴ ወፍራም ከተቀባ ይረግፋል። ያልበረደ ኖራ ውሃ ሲነካው ይፈላል፣ ዓይንም ቆዳም ያቃጥላል፣ ልጆች እንዳይጠጉ፣ ቀቢውም ጓንት ያድርግ። ከታች አንድ ክንድ ያህሉን ደሞ ቡኒ ወይ ጠቆር ያለ ግራጫ ያስደርጉት፣ ሚፈናጠረው ጭቃ አይታይበትም፣ ቤቱም ቀጥ ብሎ የቆመ ይመስላል።

የግቢው በር ላሜራ ከሆነ በሽቦ ብሩሽ ዝገቱን አስፍቀው መጀመሪያ አንቲረስት (የዝገት መከላከያ ቀለም)፣ ከዛ ዘይት ቀለም። አሮጌ የዘይት ቀለም እርሳስ ሚባለው ብረት (ሊድ) ያለበት ሊሆን ስለሚችል በደረቁ አይፋቅ፣ እየረጠበ ይፋቅ፣ ብናኙ በተለይ ለሕፃናት ጥሩ አይደለም። ማጠፊያው ላይ ዘይት ጠብ ያድርጉበት፣ ሲከፈት እየጮኸ ሚቀበል በር ጥሩ አይደለም።

ግቢ ውስጥ ደሞ፣ አይቀየሙኝና፣ የሁላችንም ግቢ አንድ ጥግ አላት፣ የተቀደደ ጀሪካን፣ የተሰበረ ወንበር፣ ያለፈው ዓመት ቆርቆሮ፣ "ይጠቅም ይሆናል" የተባለ ሁሉ ሚከማችባት። እሷን ያጽዱ፣ ነጻ ነው። ማገዶው ከፊት ለፊት ተነስቶ ወደ ጓሮ ይሂድ። ጌሾውን፣ ጤና አዳሙን፣ በሶብላውን ግን እንዳይነቅሉ፣ ዙሪያቸውን አስኮትኩተው ይተዉት፣ ሰው ሲገባ የቤት ሽታ ይሸተዋል።

አሁን ደላላው ማይነግርዎትን ልንገርዎት። የጭቃ ቤት ከሚገዙት ውስጥ አፍርሰው ብሎኬት ሊሰሩ ሚመጡ አሉ። በሕገ መንግስቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግስትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም፣ ሚሸጠው ላዩ ያለው ቤት ነው፣ ዋጋው ላይ ግን ቦታው እንደሚያወራ ሁላችንም እናውቃለን። እንደዚ አይነት ገዢ ለኳርትዝዎ አምስት ሳንቲም አይጨምርም። እሱ ሚያየው ወሰኑን ነው፣ አጥሩ ቀጥ ያለ ነው ወይ፣ ከጎረቤት ጋር ክርክር አለ ወይ፣ መኪና ያስገባል ወይ። ስለዚ የወደቀውን አጥር ያስነሱ፣ የወሰን ድንጋዮቹ ላይ ያለው ሳር ይታጨድና ይታዩ። ካርታው በባለቤትዎ ስም ከሆነም የወራሽነት ማስረጃውን ከፍርድ ቤት አሁኑኑ ያውጡ፣ ልጆቹም ወራሽ ናቸው፣ አምሮ ተቀብቶ ወረቀቱ ያላለቀ ቤት ገዢን ያደክመዋል። እኔ ብሆን ከ80 ሺው ግማሹን እንኳ ለመንካት አስር ጊዜ አስባለሁ።

ጥያቄ፦ ቢቸና አካባቢ የብሎኬት ቤት አለኝ፣ ከሰራሁት 4 ዓመቱ። ከፊት ለፊቱ መስኮት ጥግ ተነስቶ እስከ ታች የወረደ ስንጥቅ አለው፣ በጋ ላይ ይሰፋል፣ ክረምት ላይ ጠበብ ይላል። ቀለም ቀቢው "በስቱኮ ሞልተን ቀለም ብንደርብበት የፈጠረውም አያውቅ" አለኝ። ልሸጠው ስለሆነ ላድርገው እንዴ? (መ.፣ ከእነማይ)

መልስ፦ ወንድምየ፣ የፈጠረውስ ያውቃል፣ ገዢውም ያውቃል። የናንተ አገር አፈር ዋልካ ነው፣ ጥቁሩ አፈር፣ ውሃ ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ እግር እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፣ ማሳ ላይ ያየኸው ነገር ቤትህ ስርም አለ። በጋ ይሰፋል ክረምት ይጠባል ያልከው ራሱ ማስረጃ ነው፣ ቤቱ ከአፈሩ ጋር እየተነሳ እየተቀመጠ ነው። ስቱኮ ደሞ ድርቅ ያለ ነገር ስለሆነ እስከ የካቲት አይቆይልህም፣ ያውም አዲስ ቀለም ላይ የተከፈተ ስንጥቅ ከድሮው ይብስ ይታያል፣ የታመመ ሰው ጋቢ ደርቦ ደህና ነኝ እንደማለት ነው።

ሚሻለው አፈሩን ማረጋጋት ነው። ዋናው ነገር መሰረቱ ስር ያለው እርጥበት ክረምት ከበጋ ብዙ እንዳይለዋወጥ ነው። አሸንዳ አድርግለት፣ በቤቱ ዙሪያ አንድ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ወደ ውጭ ያዘነበለ የሲሚንቶ ንጣፍ አስጥልበት፣ የውሃ ቧንቧህ ሚያንጠባጥብ ከሆነ አስጠግን። ቤቱ አጠገብ ባህር ዛፍ ካለ እሱም ተጠያቂ ነው፣ ስሩ በበጋ ውሃውን እየመጠጠ አፈሩን ያደርቀዋል። በድንገት ከመቁረጥህ በፊት ግን ሚያውቅ ሰው አማክር፣ ትልቅ ዛፍ ሲቆረጥ ውሃውን ሚጠጣለት ያጣ አፈር መልሶ ሊያብጥ ይችላል።

ስንጥቁ ጫፉ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርግና ቀኑን ጻፍበት፣ በየወሩ እያየህ። ፀጉር ሚያህል ከሆነ ብዙም አያሳስብም፣ 5 ሚሊ ሜትር እና ከዛ በላይ ከከፈተ ወይ በሩና መስኮቱ አልዘጋ ማለት ከጀመረ ግን ቀለም ቀቢ ሳይሆን መሐንዲስ ነው ሚጠራው። ሲረጋጋ ተፍቆ፣ ተሞልቶ፣ በሲሚንቶ የተለሰነው ቦታ ሳምንት ያህል ውሃ እየጠጣ ቆይቶ፣ ቀለሙ ከ28 ቀን በኋላ ይቀባል። ለሳኞች "ነገ ይቀባል" ይላሉ፣ አይቀባም፣ ያልደረቀ ልስን ላይ የተቀባ ቀለም ይላጣል።

ለገዢው ደሞ ንገረው። ስንጥቁ እንደነበረ፣ ምን እንዳሰራህ፣ የእርሳስ ምልክትህን ሳይቀር አሳየው። ዋጋ ትንሽ ሊያስቀንስህ ይችላል፣ ግን እያወቀ ጉድለት የደበቀ ሻጭ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ሊጠየቅ ይችላል፣ ብሩን ከበላህ በኋላ ፍርድ ቤት መመላለስ ደስ አይልም። ከዛ በላይ ቢቸና ትንሽ ከተማ ናት፣ ገዢው የአጎትህ ልጅ ጓደኛ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ ጋሼ እንዴት ነህ፣ ባሕር ዳር ከጣና ብዙም ሳይርቅ ቪላ ቤት አለን፣ ስፋቱ 10 በ8። ፊት ለፊቱን ትልቅ ማንጎ ሸፍኖታል፣ ደላላው ካልተቆረጠ አይሸጥም አለ፣ ባለቤቴ ደሞ ከምትቆርጠው እኔን ቁረጠኝ አለች። ሌላው ቀለም ነው፣ እኔ ደማቅ ብርቱካናማ ፈልጌ ነበር፣ ጓደኞቼ ግራናይት ለጥፍ ይሉኛል። ስንት ቀለም እንደሚፈጅም ብትነግረኝ። (ተ.፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ባለቤትህ ልክ ናት፣ ይሄን መልስ አሳያት። ሚያዝያ ላይ ባሕር ዳር ፀሐይ ስር ቆሞ ቤት ያየ ሰው ጥላ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ማንጎ ተክሎ እስኪያድግ ዓመታት ነው፣ በአንድ ቀን መጋዝ ሚጠፋ ነገር አይደለም። ሚያስፈልገው ከታች ያሉትን ቅርንጫፎች ከሰው ቁመት በላይ እስኪሆን ማንሳትና መሃሉን ማሳሳት ነው፣ ከበሩ ላይ ሆነህ የቤቱ በር እና ቢያንስ አንዱ መስኮት ከታየህ በቂ ነው። በደንብ ሚገረዘው ፍሬው ከተለቀመ በኋላ ነው፣ ለአሁኑ ግን የታችኞቹን ብታነሳ አይጎዳውም። ስሩ የወደቀው ቅጠልና የበሰበሰ ማንጎ ይጠረግ፣ ውሃ ያቆረ ባልዲና የአበባ ማስቀመጫም ይደፋ፣ ገዢው ቤት እያየ ቢንቢ ከነከሰው የጣና ዳር ቤት መሆኑ ከጥቅሙ ጉዳቱ ነው ሚታየው።

ብርቱካናማውን ተወው። አንተ ትወደው ይሆናል፣ ግን ምትኖርበት አንተ አይደለህም፣ ደማቅ ቀይና ብርቱካናማ ደሞ ፀሐይ ላይ ብዙ ጊዜ ቶሎ ነው ሚደበዝዘው። ክሬም ወይ ፈዘዝ ያለ ግራጫ ለግድግዳው፣ አንድ ጠቆር ያለ ቀለም ለመስኮት ዙሪያና ለታችኛው፣ አለቀ። ሶስተኛ ቀለም ሲጨመር ቤቱ መዋዕለ ሕፃናት ይመስላል። ግራናይቱ ሚከፍል አይመስለኝም፣ ግድ ካልክ በረንዳው ደረጃ ላይ ብቻ፣ እሱንም ማያንሸራትት ይሁን።

ስሌቱ ቀላል ነው። 10 በ8 ቤት ዙሪያው 36 ሜትር ነው፣ ቁመቱን 3 ሜትር ብንለው 108 ካሬ፣ በርና መስኮት ሲቀነስ ወደ 90 ካሬ ይቀራል። አንድ ሊትር የውሃ ቀለም ለስለስ ያለ ግድግዳ ላይ 10 ካሬ ያህል ይሸፍናል፣ ሁለቴ ሲቀባ 18 ሊትር ነው፣ ሻካራ ከሆነ ጨምርበት። ቀቢው 40 ሊትር ካለህ በትህትና ጠይቀው። ከመቀባቱ በፊት ግድግዳው እግር ላይ ነጭ አመድ መሳይ ነገር ካለ ጨው ነው፣ ከመሬት የወጣው እርጥበት ያመጣው፣ በደረቅ ብሩሽ አራግፈው፣ በውሃ ካጠብከው መልሶ ይጠጣውና እንደገና ይወጣል። እርጥበቱ ከየት እንደሚመጣ ሳታገኝ አትቀባ። ቀትር ላይም አታስቀባ፣ ግድግዳው ስለሚግል ቀለሙ ሳይይዝ ይደርቃል፣ ጠዋት ጠዋት ጥላ ያለበትን ጎን እየተከተሉ ነው ሚሰሩት።

ደላላው ቴሌግራም ላይ ሚለጥፈውን ፎቶ ደሞ ራስህ አንሳው። ፊቱ ወደ ምስራቅ ከሆነ ጠዋት፣ ወደ ምዕራብ ከሆነ ከ10 ሰዓት በኋላ፣ ስልኩን በወርድ ይዘህ፣ ልብስ ማስጫው ላይ ያለው ልብስ ተነስቶ። ፎቶው ውስጥ ሸሚዝህ ሲወዛወዝ አይቼ ገባሁ ያለ ገዢ የለም።

ጥያቄ፦ እንጅባራ ነው ቤቴ። ጣሪያው ዝጓል፣ ሙሉውን ኢጋ ቆርቆሮ ልለውጥ ወይስ ቀለም ይበቃዋል? አጥሩም ቀርከሃ ነው፣ በቆርቆሮ አጥር ብቀይረው ዋጋ ይጨምራል ይሉኛል። (ወ/ሪት አ.)

መልስ፦ እህትየ፣ ቀትር ላይ ቤት ውስጥ ግቢና መብራት አጥፍተሽ ቀና በይ፣ ኮርኒስ ካለው በኮርኒሱ መግቢያ ከላይ ሆነሽ እይው። ብርሃን ሚያሳይ ቀዳዳ ከሌለ ዝገቱ የላይ ነው፣ በሽቦ ብሩሽ ተፍቆ፣ አንቲረስት ተቀብቶ፣ የጣሪያ ቀለም ሁለቴ ይበቃዋል። ሚስማሮቹን አስቃኚ፣ ጎማቸው ያለቀ ይቀየር፣ ብዙ ጊዜ ሚያፈሰው ቆርቆሮው ሳይሆን ሚስማሩ ነው። ቀዳዳ ያላቸው ጥቂት ከሆኑ እነሱን ብቻ ቀይሪ፣ አዲሶቹ ወደ መንገድ ወዳለው በኩል ይሂዱ፣ ከዛ የተነሱት ደህናዎቹ የኋላውን ይድፈኑ፣ ከፊት ሲታይ አንድ ወጥ ይሆናል። ስትገዢ ጌጁን፣ ማለትም የውፍረት ቁጥሩን ጠይቂ፣ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ቆርቆሮው ይወፍራል፣ 28 ከ32 ይጠነክራል፣ ሻጩ ተቃራኒውን ቢነግርሽ አትመኚው። አዲስ ነጭ ቆርቆሮ ላይ ግን ወዲያው ቀለም እንዳታስቀቢ፣ አይይዝም፣ ለሱ ተብሎ የተሰራ ፕራይመር (ከቀለሙ በፊት ሚቀባ) ካላገኘሽ አንድ ክረምት ይለፈው።

አጥሩን አትንኪው። ቀርከሃ እንጅባራ ላይ በየመንገዱ እየተሰራ ሚሸጥ የአገሩ ሙያ ነው፣ በደንብ የታሰረ የቀርከሃ አጥር ከዛገ ቆርቆሮ አጥር በስንት እጁ ያምራል። ሚበሰብሰው መሬት የነካው ጫፉ ነው፣ የበሰበሱትን ብቻ አስመዝዢና በአዲስ አስተኪ፣ ከስር ድንጋይ ይደርደርለት ከመሬት እንዲነሳ፣ ማሰሪያው ይጥበቅ። ይሄን ሁሉ ሙያተኛው በሁለት ሶስት ቀን ይጨርሰዋል፣ ሂሳቡን ግን በቀን ሳይሆን በሜትር ተዋዋዪው።